የደመወዝ ክፍሉ ግብርዎን ለሌላ ስቴት ሲቆርጥ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በተዛወርኩ በማግሥቱ ዓመት፣ ማርች ወር ላይ፣ ግብር የሚሠራልኝ ሰው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና ከታች በኩል ያለውን ቁጥር በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። ለሜሪላንድ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ነበረብኝ። «በየሁለት ሳምንቱ ሲቆረጥብኝ አልነበረም እንዴ?» አልኩት። «ተቆርጦብሃል ወንድሜ፣ የተቆረጠው ግን ለዲሲ ነው» አለኝ። አዲሱን አድራሻዬን ለአለቃዬ ነግሬው ነበር፤ ደብዳቤም በአዲሱ አድራሻ ይደርሰኝ ነበር፤ የደመወዝ ክፍሉ ግን በፋይሌ ውስጥ ያለውን የድሮውን የግብር ቅጽ ይዞ ቀጥሏል።

ይህ ስህተት በዚህ አካባቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ላይ ደጋግሞ የሚደርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ስቴት ተኝተን በሌላው የምንሠራ፣ ኪራይ ሲጨምር ድልድዩን ተሻግረን ቤት የምንቀይር ብዙዎች ነን። ቀጥሎ የምዘረዝረው እንዲህ ያለ ያልታሰበ ዕዳ ሲመጣ በምን ቅደም ተከተል መንቀሳቀስ እንደሚገባ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በእጅዎ ያለው አንድ ጉዳይ ሳይሆን ሁለት ነው። ለሚኖሩበት ስቴት ያለብዎ ዕዳ እውነተኛና ቀን የተቆረጠለት ሲሆን፣ በስህተት ወደ ሌላው የሄደው ገንዘብ ደግሞ የራስዎ ነው፤ ነገር ግን ካልጠየቁ አይመለስም። ሁለቱ መንግሥታት በመካከላቸው ሂሳብ አያወራርዱልዎትም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሜሪላንድ ከዲሲ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከዌስት ቨርጂኒያና ከፔንሲልቬኒያ ጋር አንዱ የሌላውን ነዋሪ ደመወዝ ላለመቅረጥ የጋራ ስምምነት አላት፤ የደመወዝ ክፍል ሠራተኞች «ሬሲፕሮሲቲ» የሚሉት ይህንን ነው። ቨርጂኒያም ከዲሲ፣ ከሜሪላንድ፣ ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከፔንሲልቬኒያና ከኬንታኪ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት አላት። ዲሲ ደግሞ ከስምምነትም በላይ ሕግ ያስራታል፤ ኮንግረስ በ1973 ባወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ መሠረት የከተማዋ ነዋሪ ያልሆነን ሰው የግል ገቢ መቅረጥ አትችልም። ስለዚህ ደመወዝዎ የሚቀረጠው በሚሠሩበት ሳይሆን በሚኖሩበት ቦታ ነው።

ደመወዝ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ስምምነቱ አሠሪ ለሚከፍለው ደመወዝ እንጂ በግልዎ ሠርተው በ1099፣ ማለትም በግሉ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የገቢ ወረቀት፣ ለሚያገኙት ገቢ አይደለም፤ ቀን በሆስፒታል ሠርተው ማታ በመኪናቸው ሰው የሚያመላልሱ ሰዎች ሁለቱን ገቢ ለይተው መያዝ አለባቸው። በሌላ በኩል፣ ወደ ሜሪላንድ ተዛውረው ሳሉ የዲሲውን ቤት ኪራይ ሳይለቁ ከ183 ቀን በላይ ከቆዩ ዲሲ እንደ ነዋሪ ልትቆጥርዎ ስለምትችል፣ እንዲህ ያለ ሁኔታ ካለብዎ ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ።

አንደኛ፦ ስህተቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

የዓመቱን ደብልዩ-2፣ ማለትም አሠሪዎ የዓመቱን ደመወዝዎንና የተቆረጠውን ግብር ጽፎ የሚሰጥዎን ወረቀት፣ አውጥተው ወደ ታችኛው ረድፍ ይሂዱ። ሣጥን 15 የስቴቱን ስም በሁለት ፊደል፣ ሣጥን 16 ለዚያ ስቴት የተመዘገበውን ደመወዝ፣ ሣጥን 17 የተቆረጠውን የስቴት ግብር ያሳያል። ላይኛው ክፍል ላይ ያለው ሣጥን 2 የፌዴራል ግብር ነው፤ የስቴቱ ስህተት እርሱን አይነካውም፤ ስለዚህ በድንጋጤ የፌዴራሉን ሂሳብ አብረው አያበጣብጡት።

ቀጥሎ የዓመቱን የመጨረሻ የደመወዝ ደረሰኝ፣ ማለትም ፔይ ስታቡን፣ ከደብልዩ-2 ጎን ያስቀምጡ። የዓመቱ ድምር በተጻፈበት ዓምድ ከስቴት ግብር ትይዩ ያለው ቁጥር ከሣጥን 17 ጋር መግጠም አለበት። ከዚህ ንጽጽር ከሦስት ነገሮች አንዱ ይወጣል፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው፣ ገንዘቡ በእርግጥ ተቆርጦ ለሌላ ስቴት የተላከበት ነው። በሜሪላንድ ይኖራሉ፤ ሣጥን 15 ግን ዲሲ ይላል፤ ፔይ ስታቡም ዓመቱን ሙሉ ዲሲ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገርዎ። ደብልዩ-2ው ትክክል ነው። የተሳሳተው ድርጊቱ እንጂ ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱ የሆነውን ነገር በታማኝነት ይናገራል። ስለዚህ አሠሪዎ ሣጥን 15ን አጥፍቶ «ሜሪላንድ» ብሎ እንዲጽፍልዎ ቢጠይቁና ቢያደርግልዎ፣ ሜሪላንድ በእጇ ያልገባን ገንዘብ ተቀብላለች የሚል ሰነድ ይዘው ቀረቡ ማለት ነው። ችግሩ ይባባሳል እንጂ አይፈታም።

ሁለተኛው፣ ምንም የስቴት ግብር ያልተቆረጠበት ነው። ሣጥን 17 ባዶ ወይም ዜሮ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ ነዋሪ አለመሆኑን የሚገልጸውን ቅጽ ሞልቶ የዲሲው ወይም የቨርጂኒያው ሲቆም፣ በምትኩ የመኖሪያው ስቴት ግብር መቆረጥ ሳይጀምር ሲቀር ነው። ገንዘቡ በየሁለት ሳምንቱ በደመወዝዎ ውስጥ እየገባ ለእርስዎ ደርሷል፤ ከማንም የሚያስመልሱት ነገር የለም።

ሦስተኛው፣ ወረቀቱ ራሱ የተሳሳተበት ነው፤ ፔይ ስታቡ ሜሪላንድ ሲል ደብልዩ-2 ዲሲ ይላል፣ ወይም ቁጥሩ አይገጥምም። የታረመ ደብልዩ-2፣ ማለትም ደብልዩ-2ሲ፣ መጠየቅ ያለብዎ በዚህ ጊዜ ነው።

በዓመቱ መካከል ቤት ከቀየሩ፣ ከመዛወርዎ በፊት ለዲሲ የተቆረጠው በትክክል የዲሲ ነው። የኪራይ ውልዎ የጀመረበትን ቀን ይጻፉና በዚያ ቀን አካባቢ የነበረውን ፔይ ስታብ ለይተው ያስቀምጡ፤ ለሁለቱም እንደ ከፊል ዓመት ነዋሪ ሲያስታውቁ፣ ማለትም የዓመቱን የግብር ቅጽ ሞልተው ሲያስገቡ፣ መስመሩ የሚሰመረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን ያስሉ

«ለዲሲ የከፈልኩትን አስመልሼ ለሜሪላንድ እከፍላለሁ፤ ያው ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያው አይደለም። በ2024 ሕግ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ብቻውን የሚያስታውቅ፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚኖር፣ በዓመት 52,000 ዶላር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። የሜሪላንድ መደበኛ ቅናሽ 2,700፣ የግል ቅናሽ 3,200 ሲነሳ የሚቀረጠው 46,100 ዶላር ይሆናል። የመጀመሪያው ሺህ በ2 በመቶ፣ ሁለተኛው በ3፣ ሦስተኛው በ4፣ የቀረው በ4.75 በመቶ ሲሰላ የስቴቱ ግብር ወደ 2,137 ዶላር ነው። በዚህ ላይ የካውንቲው ግብር አለ፤ በዚያ ዓመት ሞንጎመሪም ፕሪንስ ጆርጅስም 3.2 በመቶ ያስከፍሉ ስለነበር 1,475 ዶላር ይጨመራል። ጠቅላላው ወደ 3,612 ዶላር ይደርሳል።

ከዚህ ሰው ለዲሲ የተቆረጠው 2,400 ዶላር ነበር እንበል። ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢመለስለት እንኳ 1,212 ዶላር ከኪሱ ይጨምራል። ይህ ልዩነት ቅጣት ወይም በደል አይደለም፤ ዲሲ የሌላትን የካውንቲ ግብር የሚያካትት፣ ስህተቱ ባይፈጠር ኖሮ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይቆረጥበት የነበረ ግብር ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ምን ያህሉን ገንዘብ በጊዜያዊነት ብቻ እንደሚያጡ ይለያሉ፤ ሁለተኛ፣ አሠሪዎን የማይገባ ነገር ጠይቀው የሚገባውንም እንዳያጡ ያደርጋል። በቨርጂኒያ የሚኖሩ ሰዎች በደመወዝ ላይ የካውንቲ ግብር ስለሌለባቸው ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ጠበብ ይላል።

ሦስተኛ፦ ለደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ ያስታውቁ

በቃል የተነገረ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን እኔ በሦስት ሺህ ዶላር ተምሬአለሁ። ኢሜይል ይጻፉ፤ ግልባጩን በመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በግል አድራሻዎ ያስቀምጡ። ደብዳቤው ስሜት አያስፈልገውም። ከመቼ ጀምሮ በየትኛው አድራሻ እንደሚኖሩ፣ አድራሻውን ለመሥሪያ ቤቱ ያሳወቁበትን ቀንና መንገድ፣ ከየትኛው ክፍያ እስከ የትኛው ክፍያ ለየትኛው ስቴት ስንት እንደተቆረጠ ይጻፉና ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ።

አንደኛው ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ተቀናሹ እንዲስተካከል ነው። ሁለተኛው፣ ዓመቱ ገና ያላለቀ ከሆነ በዚህ ዓመት ለተሳሳተው ስቴት የተቆረጠው እንዲመለስና ለትክክለኛው እንዲዛወር ነው፤ አሠሪው በዚያው የቀን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ ያለን ስህተት ከራሱ ሂሳብ ጋር አስተካክሎ ሊያርም ይችላልና። ዲሴምበር ካለፈና ደብልዩ-2 ከወጣ በኋላ ግን «አሁን ማድረግ አንችልም፤ ከዲሲ ራስዎ ያስመልሱ» ቢሉዎ ሊያታልሉዎ ፈልገው ነው ብለው አይደምድሙ፤ መንገዱ በእርግጥ ወደ እርስዎ ዞሯል። ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለከተውም ይህንኑ ጊዜ ነው፤ በየትኛው ቦታ እንደሚሠሩ፣ የመኖሪያ አድራሻዎ የት እንደሆነና የዲሲው ግብር በስህተት የተቆረጠ መሆኑን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቁ። ይህ ደብዳቤ ኋላ ላይ ተመላሽ ሲጠይቁም፣ ቅጣት እንዲነሳልዎ ሲያመለክቱም ያገለግልዎታል።

ግብሩን ራሱን አሠሪው እንዲከፍልልዎ መጠየቅ አያስኬድም፤ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ግብሩ የእርስዎ ነው። ስህተቱ የእነርሱ መሆኑ በጽሑፍ ከታየ ግን በስህተቱ ምክንያት የመጣብዎን ቅጣት፣ ወለድና ለግብር ሠሪው የከፈሉትን ተጨማሪ ገንዘብ እንዲሸፍኑ መጠየቅ ነውር የለውም። የማድረግ ግዴታ አለባቸው ብለው ሳይሆን በመልካም ፈቃድ ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ይከፍላል። የሚከፍሉዎ ገንዘብ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ሊቆረጥበት እንደሚችልም አስቀድመው ይወቁ።

አራተኛ፦ ለሚኖሩበት ስቴት በሰዓቱ ያስታውቁ

ከዲሲ ገንዘቡ እስኪመለስ ልጠብቅ ማለት ትልቁ ስህተት ነው። ተመላሹ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የሜሪላንድ ቀነ ገደብ ግን ኤፕሪል 15፣ የቨርጂኒያው ሜይ 1 ነው። ገንዘብ ባይኖርዎ እንኳ ማስታወቂያውን በጊዜው ያስገቡ፤ አለማስታወቅና አለመክፈል ለየብቻቸው የሚቆጠሩ ጥፋቶች ናቸው። የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅም የማስታወቂያውን ቀን እንጂ የክፍያውን ቀን አያራዝምም። በሜሪላንድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አስታውቀው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚከፍሉ ሰዎች ክፍያው እስከ ኤፕሪል 30 ሊቆይ ይችላል፤ የቅጽ 502ን፣ ማለትም የሜሪላንድ ነዋሪዎች የግብር ማስታወቂያ ቅጽን፣ የዓመቱን መመሪያ አይተው ቀኑን ያረጋግጡ። ሁለት ሳምንት ትንሽ ብትመስልም አንድ ደመወዝ ታስገባለች።

ቅጹ ሲሞላ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የሶፍትዌር ወጥመድ ነው። ዲሲ የሚል ደብልዩ-2 ሲያስገቡለት፣ ኮምፒውተሩ ለሌላ ስቴት የተከፈለ ግብር የሚታሰብበትን ቅጽ 502ሲአር ከፍቶ ዕዳዎን በዚያው ልክ ሊቀንስልዎ ይችላል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ግን አይሠራም። የጋራ ስምምነት ባለበት ቦታ በስህተት ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር ከቆረጠው መንግሥት ይመለሳል እንጂ ከሜሪላንድ ግብር ላይ አይቀነስም። እንዲህ አድርጎ የላከ ሰው ከዓመት በኋላ ቅናሹ ተሰርዞ ከነወለዱ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሰው ነው። «ደብልዩ-2ው ዲሲ ስለሚል ለዲሲ እንደ ነዋሪ እናስታውቅልህ፤ ሪፈንድ እንኳ ታገኛለህ» የሚል ግብር ሠሪ ካጋጠመዎ ወረቀትዎን ሰብስበው ይነሡ። ዲ-40 የዲሲ ነዋሪዎች ቅጽ ነው፤ በእርሱ ላይ መፈረም በሐሰት ማስታወቅ ነው። ሜሪላንድ የፌዴራል የግብር ማስታወቂያ መረጃ ይደርሳታል፤ በፌዴራሉ ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የሃያትስቪል አድራሻ ተጽፎ ለሜሪላንድ ምንም ያላስታወቀ ሰው ቆይቶም ቢሆን ይገኛል።

አምስተኛ፦ የሄደውን ገንዘብ ያስመልሱ

የትኛውን ቅጽ እንደሚሞሉ የሚወስነው ገንዘቡን የያዘው መንግሥት ነው። ዲሲ ከያዘችው ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች ተመላሽ የሚጠይቁበትን ዲ-40ቢ ይሞላሉ። ቨርጂኒያ ከያዘችውና እርስዎ የሜሪላንድ ወይም የዲሲ ነዋሪ ከሆኑ ቅጽ 763-ኤስ ነው። ሜሪላንድ ከያዘችውና በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን ወይም በዲሲ የሚኖሩ ከሆነ የሜሪላንድን ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች ቅጽ፣ 505ን፣ ያስገባሉ።

በማንኛውም ቅጽ ላይ ደብልዩ-2ውን አያይዙ። ከዚያ ባለፈ፣ የግድ ባይባሉም፣ ለመኖሪያ ስቴትዎ ያስገቡትን ማስታወቂያ ቅጂ፣ የኪራይ ውልዎን ወይም በስምዎ የመጣ የመብራት ደረሰኝ፣ እንዲሁም ከላይ የተጠቀሰውን የአሠሪውን ደብዳቤ አብረው ቢያስገቡ ይመከራል። ተመላሽ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ቢሮው «በእርግጥ የት ትኖራለህ?» ብሎ ጥያቄ ሲያነሳ ነው፤ መልሱን አስቀድሞ መላክ መመላለስን ይቀንሳል። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥበት መንገድ ይላኩና ደረሰኙን ከቅጂው ጋር በክሊፕ ያያይዙት።

ስህተቱ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ የቆየ ከሆነ አይዘግዩ። በሦስቱም ቦታዎች ተመላሽ የመጠየቂያው ጊዜ በመሠረቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ገንዘቡ ይቀራል፤ የመኖሪያ ስቴትዎ ዕዳ ግን አይቀርም። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ስህተት በመጀመሪያ የሚሠራው የቆየው ዓመት ነው። ለየዓመቱ የየራሱ ቅጽ ያስፈልጋል።

ከዲሲ የታክስና ገቢ ቢሮ ጋር ሲነጋገሩ እንግሊዝኛው ከከበደዎ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ። የ2004 የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አማርኛም በከተማዋ ዋና ዋና የትርጉም ቋንቋዎች ውስጥ ይገኛል። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው የሚያስተረጉሙበት ምክንያት የለም።

ስድስተኛ፦ የክፍያ ደብዳቤው ከመጣ ወይም መክፈል ካልቻሉ

አንዳንድ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ከሜሪላንድ ኮምፕትሮለር፣ ማለትም ከስቴቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማቀዝቀዣው ላይ ማስቀመጥ የብዙዎቻችን ልማድ ቢሆንም፣ በዚያ ወረቀት ላይ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተጽፏል፤ ያ ቀን ካለፈ የመከራከር መብትዎ ይጠብባል። ከፍተው የግብር ዓመቱን፣ ዋናውን ግብር፣ ቅጣቱንና ወለዱን ለየብቻ ያንብቡ። ግብሩ ትክክል ሆኖ ቅጣቱ ብቻ ከበዛ፣ ግብሩን ከፍለው ቅጣቱ እንዲነሣ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የአሠሪው ደብዳቤ፣ አድራሻዎን ያሳወቁበት ኢሜይልና ስህተቱን ባወቁ ጊዜ ወዲያው እንዳስተካከሉ የሚያሳይ ፔይ ስታብ የማመልከቻው አጥንት ናቸው። ወለድ ግን በቀላሉ አይነሣምና ተስፋዎን እዚያ ላይ አይጣሉ።

በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ የክፍያ ስምምነት ይጠይቁ። ወርኃዊውን መጠን ሲነጋገሩ ለመታየት ብለው ከአቅምዎ በላይ አይስማሙ፤ አንድ ወር ቢዘልሉ ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል። ከዲሲ የሚጠብቁት ተመላሽ ሲደርስ ሙሉውን ወደዚህ ዕዳ ማስገባት እንደሚችሉ ያስታውሱ፤ ስምምነቱ ተጨማሪ መክፈልን አይከለክልም።

ይህን ዕዳ ማሳደር ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳበት መንገድ አለ። ሜሪላንድ ያልተከፈለ ግብር ያለበትን ሰው የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ እድሳት ልታስቆም ትችላለች፤ የሙያ ፈቃድ እድሳትንም እንዲሁ። በታክሲና በመኪና ለሚተዳደር ወንድም፣ በነርስነት ወይም በነርስ ረዳትነት ለምትሠራ እህት ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በስልክ ደውሎ «ዛሬውኑ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ወይም በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ስልኩን ይዝጉት።

የግብር ሥራውን በነፃ የሚሠሩ «ቪታ» የሚባሉ የበጎ ፈቃድ ጣቢያዎች በሦስቱም ቦታዎች በየዓመቱ ይከፈታሉ። ገቢያቸው መካከለኛና ከዚያ በታች የሆኑ ሰዎችን ስለሚያስተናግዱ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙ መቶ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት በአቅራቢያዎ ያለውን ይጠይቁ፤ ሲሄዱ ግን የሌላውንም መንግሥት የተመላሽ ቅጽ ይሠሩልዎ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሰባተኛ፦ በዚሁ ሳምንት ቅጹን ይቀይሩ

ያለፈው ዓመት ሂሳብ ሳይዘጋ የዚህኛው ዓመት ስህተት እየቆጠረ ነው። ማርች ላይ ያወቁት ስህተት ከጃንዋሪ ጀምሮ ሲቆረጥ የነበረውንም ይጨምራል። ስለዚህ ደብዳቤውን በላኩበት ቀን ትክክለኛዎቹን ቅጾች አብረው ያስገቡ። በዲሲ እየሠሩ ውጭ የሚኖሩ ከሆነ በከተማዋ ነዋሪ አለመሆንዎን የሚያረጋግጠው ቅጽ ዲ-4ኤ ነው፤ በፋይልዎ ውስጥ የነበረው ዲ-4 የነዋሪዎች ስለሆነ በእርሱ ይተካል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የዲሲውን ያስቆማል እንጂ የሜሪላንዱን አያስጀምርም። በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኤምደብልዩ-507፣ በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ቪኤ-4 አብሮ መግባት አለበት። በኤምደብልዩ-507 ላይ የሚኖሩበትን ካውንቲ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ አይተዉት። ከላይ በምሳሌው እንዳየነው፣ ከዕዳው አንድ ሦስተኛ በላይ የሆነው የካውንቲው ድርሻ ነበር።

ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ከደረሱበትና አሠሪው ወደኋላ ማረም ካልቻለ፣ በኤምደብልዩ-507 በሁለተኛው መስመር በየክፍያው ተጨማሪ ገንዘብ እንዲቆረጥልዎ መጠየቅ ይቻላል። የጎደለውን ለቀሩት የክፍያ ጊዜያት አካፍለው ይጻፉ፤ 1,200 ዶላር ጎድሎ ስምንት ክፍያ ከቀረ በየክፍያው 150 ዶላር ማለት ነው።

አሠሪዎ በዲሲ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ሆኖ የሜሪላንድ ግብር አልቆርጥም ሊል ይችላል። በሜሪላንድ ምንም እንቅስቃሴ የሌለውን አሠሪ ማስገደድ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ቆራጩም ከፋዩም እርስዎ ይሆናሉ። ያልተቆረጠበት ገቢ ከ500 ዶላር በላይ የሜሪላንድ ግብር የሚያመጣ ከሆነ በየሩብ ዓመቱ፣ ማለትም በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15ና በሚቀጥለው ጃንዋሪ 15፣ በቅጽ ፒቪ ወይም በኢንተርኔት በቅድሚያ መክፈል ይጠበቅብዎታል። የዓመቱን ግብር 90 በመቶ ወይም ያለፈውን ዓመት ግብር 110 በመቶ ከከፈሉ በማነስ ምክንያት የሚታሰበው ወለድ አይነካዎትም። እኔ በነበርኩበት ሁኔታ በየክፍያው ቀን 140 ዶላር ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ አስቀምጥ ነበር፤ ገንዘቡ ከእጅ ካልራቀ ኤፕሪልን አይደርስም።

ቅጹን ካስገቡ በኋላ ቀጣዮቹን ሁለት ፔይ ስታቦች ይመልከቱ። በመጀመሪያው ላይ ለውጥ ካላዩ ቅጹ የገባበት ቀን የክፍያው ዝግጅት ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ላይም «ዲሲ» የሚለው ካለ ቅጹን ያስገቡበትን ኢሜይል አያይዘው በዚያው ቀን እንደገና ይጻፉ። ጃንዋሪ ሲመጣ ደግሞ ተመላሹን ከከፈለዎ መንግሥት 1099-ጂ የሚባል፣ የተመለሰልዎን ገንዘብ የሚገልጽ ወረቀት ሊደርስዎ ይችላል። ያለፈውን ዓመት የፌዴራል ግብር በመደበኛ ቅናሽ ያስታወቁ ከሆነ ተመላሹ በፌዴራል ግብር አይቀረጥም፤ ወጪዎን ዘርዝረው የስቴት ግብሩን ቀንሰውበት ከነበረ ግን ሊቀረጥ ስለሚችል፣ ወረቀቱን ለግብር ሠሪዎ ሳያሳዩ አይጣሉት።